ሃምሳ ደቂቃ የማይበቃው ሰው

አጎቴ በከተማችንና በአንድ ሩቅ ከተማ መካከል ዕድሜውን ሙሉ አውቶብስ ነድቷል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ፍሬን ረገጥ ማድረግ ስለሚወድ ተሳፋሪው ሁሉ «ጋሼ ፍሬን» ይለዋል። ወሬውም እንደ አነዳዱ ነው። ማንኛውንም ነገር ከሥሩ ይጀምራል፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ልጅነቱን ይጨርሳል፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ጎልማሳነቱን፣ ቁም ነገሩ ብቅ የሚለው መናኸሪያው ሲታይ ነው። መንገዱ አሥራ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ጥሎት የት ይሄዳል?

ሚስቱ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ከወደዳት ደግሞ ሰነባብቷል፤ ቤተሰቡ አውቆ፣ ስቆ ጨርሷል፤ አላወቀችም ብለን ያሰብነው እሷን ብቻ ነው። የአጎቴ ልጅ በዚያኛው ከተማ ልታገባ ሆነና የሙሽራ ቀሚሷን ልብስ ሰፊዋ ሰፋች፤ ለመጨረሻው ልኬት አብራን እንድትሄድም ተባለ። አጎቴ ወደ ጥግ ወስዶኝ መንገድ ላይ ለትዳር እንደሚጠይቃት ነገረኝ። ቤት ውስጥ ምላሱ እንደሚተሳሰር፣ አሁን ካልሆነለት ከእንግዲህ እንደማይሞክረው ማለልኝ። እኔ ጉደኛ ግን ቀሚሱ እንዳይጨማደድ ብዬ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጬ ነበር።

በአየር ርቀቱ ከመኪናው መንገድ ግማሽ አይሞላም፣ በረራው ሃምሳ ደቂቃ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። በሃምሳ ደቂቃ ከመናኸሪያም አይወጣም አለና ስንቅ፣ ትራስና ነጠላ ጫማ ይዞ መጣ።

እኔ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። አውሮፕላኑ እንደተነሳ አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ትምህርት ቤት ከገባበት ቀን ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ታቅፋ ታዳምጣለች። ሻይ ሲመጣ ሦስተኛ ክፍል ደርሷል። ኩባያው ሲሰበሰብ አራተኛን ደገመ። ወንበሩን በጉልበቴ ጎሰም ባደርገው ዞሮ ሥርዓት ይዤ እንድቀመጥ መከረኝ። ሳቄን አፍኜ ልሞት ደረስኩ።

አብራሪው መውረድ መጀመራችንን ተናገረ። አጎቴ በመስኮት አጮልቆ ሲያይ ከተማው ከሥሩ ተዘርግቷል። እሱ ገና አምስተኛ ክፍል ነው።

«ድልድዩስ?» አላት።

ማለፋችንን ነገረችው። ላብ አጠመቀው። ከአምስተኛ ክፍል ዘሎ ዛሬ ላይ ለመድረስ ሞከረ፣ ማርሹ አልገባ አለው፤ «እንግዲህ… ይኸውልሽ…» እያለ ጎማው መሬት ነካ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሻንጣ ማውረድ ያዘ። አጎቴ ቀበቶውን ሳይፈታ አቀርቅሮ ቀረ። አንጀቴን በላው።

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን በወንበሩ አናት አሳልፋ ሰጠችኝና ወደ እሱ ዞረች።

«መልሴ እሺ ነው» አለችው። «ጥያቄውን ግን ሳልሰማ አልተውህም። ስንመለስ በአውቶብስ እንሄድና ካቆምክበት ትቀጥላለህ።»