መድረሻ የሌላት ባቡር

ልጅ ሳለሁ ባቡርን ያወቅኩት በጆሮዬ ነው። እኛ የምንኖረው ከጓሳ አፋፍ ወዲህ ባለው ደጋ ነበር፤ ሐዲድ ደግሞ የቆላ ነገር ነው። ሐዲዱን ወደ ቤታችን ያመጡት የእናቴ አጎት፣ አያ ደምሰው ናቸው።

ስለ አባቴ ብዙ አልልም። የሞተው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ከእሱ በኋላ ቤቱም ዘመመ። በምሥራቅ በኩል ያለው የድንጋይ ግድግዳ ከሥሩ ሰመጠ፣ ጣሪያው ወደዚያው አዘነበለ፣ ዝናቡም መግቢያ አገኘ። የአባቴ ወንድም መኮንን መጥቶ ምሰሶውንና ወራጁን በዓይኑ ለካ። በእኛ አገር እንጨት ብርቅ ነው፤ የአንድ ቤት ወራጅ ሌላ ቤት ያቆማል።

«ይፍረስና እንጨቱን ልውሰደው» አላት እናቴን። «አንቺ ወንድሞችሽ ዘንድ ግቢ። ልጁ እኔ ጋ ይደር።»

እናቴ ምድጃው ላይ ኩበት ጨመረች። እኔ ግን እሱ ቤት ማደር እረኛው መሆን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር።

አንድ ተስፋ ነበረን። ተከልሎ የቆየው የጓሳ ሣር ሜዳ በበጋ ሊከፈት ነው፤ የክዳን ሣር የሚደርሰው ደግሞ ጭስ ላለው ቤት ነው። ምድጃው የቀዘቀዘ ቤት ድርሻ የለውም። ክረምቱን እሳታችን ሳይጠፋ ከተሻገርን ሣር እናገኛለን፤ ከጠፋ ቤቱ አለቀለት፣ እኔና እናቴም ተለያየን።

አያ ደምሰው የመጡት ያኔ ነው። ዕድሜያቸውን በሐዲድ ጥገና ጨርሰው፣ መስመሩ ሥራ ሲያቆም ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ነበሩ። የማሽን ድምፅ ጆሯቸውን ስላከበደው፣ አጠገባቸው ለተቀመጠው ልጅ ሲያወሩ እንኳ ማዶ ላለ ሰው የሚጣሩ ይመስሉ ነበር። ዝናብ ከማይነካው ጥግ ተቀምጠው ኩበቱን እያገላበጡ ተረታቸውን ጀመሩ።

«ባቡር ሁሉ መንገደኛ እንዳይመስልህ» አሉኝ። «መንገዱን የምታበጅ ባቡርም አለች።»

ይህች ባቡር ሰው አትጭንም፣ እህልም አትጭንም። በሆዷ ሥር የብረት ጣቶች አሏት። ትቆምና ሐዲዱን ቀና አድርጋ ታነሣዋለች፤ ጣቶቿን ሐዲዱ በተነጠፈበት ጠጠር ውስጥ ከግራና ከቀኝ ትሰድና፣ እንዳይሰምጥ እየተንቀጠቀጠች ከሥሩ ትጠቀጥቀዋለች። ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች። እንደገና ትቆማለች። ከፊቷ ሆኖ የሚጎትታት ሎኮሞቲቭ ደግሞ አንድ ጊዜ ሞቶ የተነሣ ነው። ሞተሩ ተቃጥሎ፣ ከመንኮራኩሩ መሀል ሣር በቅሎ፣ ተረስቶ ይኖር ነበር። ኋላ የጋራዥ ሰዎች አጥንቱን በመዶሻ እየመቱ አዳመጡት፤ አልተሰነጠቀም። ሌላ ሞተር ሰጡት።

«ድሮ ለመንገደኛ ይሮጥ ነበር። አሁን ቀስ ማለት አስተማሩት» አሉ።

«ካረጀ በኋላ ሥራ ይማራል እንዴ?» አልኩ።

«እኔንስ ጣሪያ መጠበቅ ማን አስተማረኝ?» አሉና ሳቁ።

እናቴ ሱፏን እየፈተለች «አያ፣ ለመሆኑ የት ነው የምትደርሰው?» አለቻቸው።

«እስከሚመሽባት ድረስ።»

ተረታቸው ሁሉ እንዲህ ነበር፤ መድረሻ የለውም። ያኔ ኩራዙ በጭሱ ውስጥ ቢጫ ክብ ሠርቶ ሲርገበገብ፣ ዓይኔን ስከድን መብራቱ ወደ ውጭ ወጥቶ በጉሙ ውስጥ የሚጓዝ ይመስለኝ ነበር። ባቡሯ ከቆላ ተነሥታ፣ ሐዲድ በሌለበት ገደል ላይ የራሷን ጠጠር ከሥሯ እየጠቀጠቀች፣ ፈቀቅ እያለች፣ እየቆመች ትወጣለች። ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ እርምጃዋ ነበር። ደጃችን ሳትደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስነቃ እሳቱ አለ፤ አያ ደምሰውም እንደተቀመጡ ናቸው።

አንድ ምሽት መኮንን እሳቱ ጠፍቶ እንደሆነ ሊያይ መጥቶ ተረቱ ላይ ደረሰ።

«ሞቶ የተነሣ ባቡር!» አለ። «አያ ደምሰው፣ የቆላ ፀሐይ መትቶዎታል።»

«እኔን እንኳ መትቶኛል» አሉት ቀና ሳይሉ። «አንተን የመታህ ምንድን ነው?»

ክረምቱ አለፈ፤ እሳታችን አልጠፋም። ጓሳ ተከፈተና ሣሩ በፈረስ ተጭኖ መጣ። ለደቦ የተሰበሰበው ሰው ውርጭ ሳይበረታ ቶሎ ለመክደን ተጣደፈ። አያ ደምሰው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሣሩ ይቆይ። ከሥሩ ለሚሰምጥ ቤት ከላይ ልብስ ታለብሳላችሁ?»

የዘመመውን ጣሪያ በባላ አስደግፈው፣ በዲጂኖ ቀስ እያደረጉ አስነሡት። ከግድግዳው ሥር ድቡልቡሉን ድንጋይ አውጥተው ጣሉ፤ ይንከባለላል፣ አይያያዝም። በቦታው ማዕዘን ያለው ስባሪ ድንጋይ አስሞሉ። እኔን በሁለቱም እጄ ዱላ አስያዙኝ።

«አንተ ጣቶቿ ነህ» አሉኝ።

ዱላዎቹን ከግራና ከቀኝ ሰድጄ፣ ሰውነቴን ሁሉ እያንቀጠቀጥኩ መጠቅጠቅ ጀመርኩ። ደቦው በሳቅ ፈረሰ። «ለልጁ ሐዲዱ ወባ ይዞለት መጣ» አለ አንዱ። እናቴም ሳቀች፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ባላው ሲንሸራተት መኮንን ሳይጠራ መጣና ትከሻውን ከወራጁ ሥር አስገባ። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። አያ ደምሰው «ፈቀቅ» ሲሉ ፈቀቅ አልን። በመሸብን ጊዜ ግድግዳው ቆሞ ነበር፤ ሣሩ ገና አልተነካም።

አያ ደምሰው ካረፉ ቆዩ። አዲሱ ሐዲድ ከአፋፋችን በታች ሲዘረጋ፣ ቆላ ወርጄ ያቺን ባቡር አየኋት። አቧራ ለብሳ፣ ጣቶቿን ሰብስባ ቆማ ነበር። ካሰብኳት ታንሳለች። ጥበቃው «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። እስኪመሽ ግን አልሄድኩም።

እናቴ ዛሬም የምትኖረው እዚያው ቤት ነው። ክረምት ሊገባ ሲል እሄዳለሁ። በሩን ትቼ አስቀድሜ በምሥራቅ በኩል እዞርና ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብዬ ድንጋዮቹን በእጄ እነካለሁ። ኮቴዬን ሰምታ ከውስጥ ትጠራኛለች።

«አትገባም እንዴ?»

«መጣሁ» እላታለሁ፤ ወደ ቀጣዩ ድንጋይም ትንሽ ፈቀቅ እላለሁ።