እሺ ያላልንለት ፊልም

ያኔ ልጅ ሳለሁ፣ ቡሬ ገበያ ዳር በነበረችው የአያ ይሁኔ ልብስ ስፌት ቤት፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የስፌት መኪናው ይቆምና ንባብ ይጀመር ነበር። አያ ይሁኔ ካውያቸው ውስጥ የተረፈውን ፍም አሮጌ ቆርቆሮ ላይ ይዘረግፉልንና እጃችንን ስናሞቅ፣ እሳቸው ኩራዙን ወደ መጽሐፉ ያስጠጉታል። ከባሕር ማዶ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሰ ታሪክ ነው ይሉን ነበር። አንድ ንጉሥ ንጋትን ሰርቆ ሐይቅ ሥር ይደብቃል፤ አንዲት ልጅ ክንፍ ባለው ፈረስ ልታስመልሰው ትሄዳለች። ልጅቱ አንድ እግሯን ታነክሳለች።

ታናሽ እህቴ የውብዳርም ታነክስ ነበር። ገና ስትድህ በያዛት ሕመም ግራ እግሯ ቀጥኖ ቀርቷል። ያ መጽሐፍ ከመነበቡ በፊት የሰፈር ልጆች ጨዋታ ውስጥ አያስገቧትም ነበር፤ ከተነበበ በኋላ ግን ደህና እግር ያላቸው ሁሉ እያነከሱ መጫወት ጀመሩ፤ እሷም አለቃቸው ሆነች።

በእኛ አገር ተረት ዝም ተብሎ አይሰማም። ተራኪው ትንፋሽ በሰበሰበ ቁጥር «እሺ» ይባልለታል፤ ካልተባለለት አይቀጥልም። ነገሩ ያልጣመው ሰው እሺውን ይነፍጋል፤ ያን ጊዜ ተራኪው ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል አለበት። አያ ይሁኔ ከመጽሐፍ ሲያነቡ እንኳ እሺያችንን ይጠብቁ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ የአውቶቡስ ሹፌር ሱሪ ሊያስጠብብ ገባና መጽሐፉን አይቶ፣ «ይኼማ ፊልም ሆኗል! ፊልም የምታሳየው መኪና ከፋሲካ በኋላ ፍኖተ ሰላም ትመጣለች፣ ከዚያ እናንተ ጋ ናት» አለ።

ከዚያ ወዲህ ንባቡ ቀርቶ ክርክር ሆነ። እህል የሚጭነው አያ ምንይችል፣ ፈረስ ገደል ላይ ስለሚደነግጥ ፊልሙ ላይ በቅሎ መሆን አለበት አለ።

«የአንተ በቅሎ ክንፍ ያወጣች ቀን፣ እህልህን እንደያዘች ሽንዲ ከተማ ነው የምትገባ» አሉት አረቄ ሻጯ እትዬ ዘውዴ። «እኔ መጽሐፉ ውስጥ ያለው የሚናገረው ድንጋይ ድምፁ የሰው ድምፅ ከሆነ ጥዬ ነው የምወጣ።»

የውብዳር ስለ ፈረሱም ስለ ድንጋዩም ግድ አልነበራትም። «ልጅቱን እውነተኛ አንካሳ ፈልገው ይሆን ያመጡ?» ብላ ጠየቀች። ይህን ሲሰሙ አያ ይሁኔ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው።

ያኔ ነው የተጠራጠርኩ። የከረጢቱን ታች ሳላይ የላይኛውን እህል የማላምን ልጅ ነበርኩ። ጠጋ ብዬ፣ «አያ፣ ፊልሙ እንደ መጽሐፉ ነው?» አልኳቸው።

«ፊልም ሠሪ መቼ ይታመናል ልጄ? ያሻውን ይቆርጣል፣ ያሻውን ይቀጥላል።»

ፊልሙን ሳያዩ ሠሪዎቹን መክሰሳቸው አልዋጥልህ አለኝ።

መኪናዋ መጣች፤ ገበያው ሜዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ተወጠረ። ፈረሱ ሲበር አያ ምንይችል እንኳ አፉን ከፈተ። ሕዝቡም እንደ ልማዱ «እሺ» አለ። ጨርቁ ግን አልጠበቀንም።

«ኧረ እሺ ሳንል ወዴት ነው የሚሮጥ!» አሉ እትዬ ዘውዴ።

ከዚያ ልጅቱ ከቤቷ ወጣችና ቁልቁለቱን በሁለት ጤነኛ እግር ሮጠች። ከስፌት ቤቱ የመጣነው ሁሉ ወደ የውብዳር ዞርን። አያ ይሁኔ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ። የውብዳር ግን ብድግ ብላ፣ «እሺ አላልኩም!» ብላ ጮኸች። ልጅቱ መሮጧን አላቆመችም።

ወደ ቤት ስንመለስ አዘልኳት። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «የውቤ፣ አያ ይሁኔ ሳይዋሹን አይቀሩም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ ጀርባዬ ላይ ሆና። «ሲያነቡ ጣታቸው ከመስመሩ ጋር ይሄዳል። እግሯ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ይቆምና አፋቸው ብቻ ይሄዳል። ዱሮ ነው ያወቅሁ።»

«ታዲያ ምን ልታዪ መጣሽ?»

«እነዚያም ሰዎች እንደሳቸው ቢጨምሩልኝ ብዬ ነዋ!» አለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላም፣ «ማወቄን እንዳትነግራቸው» አለችኝ።

በማግሥቱ አያ ይሁኔ መጽሐፉን አልከፈቱም ነበር። ኩራዙን ያስጠጋችላቸው የውብዳር ናት። «እያነከሰች ገደሉን ስትወርድ ነው ያቆሙት» አለቻቸው። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አቁመው አነበቡ፤ እሺ ያላለ ሰው አልነበረም።

እኔ ከባዶ እጅ ተነስቼ በንግድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ተጠራጥሬ እንጂ አምኜ ያተረፍኩት የለም። ጥርጣሬ ማለት ምንም አለመጠበቅ ይመስለኝ ነበር፤ የውብዳር ግን ከእኔ ይልቅ ታውቅ ነበር፣ ከእኔም ይልቅ ትጠብቅ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቼ የሚወዱት መጽሐፍ ፊልም ሊሆን ነው ብለው ሲንጫጩ፣ «ያበላሹታል፣ ምን ትለፋላችሁ» እላቸዋለሁ። ከዚያ መነጽሬን እየጠረግሁ፣ መቼ እንደሚመጣ እጠይቃቸዋለሁ።