ከሸለቆው ይዘን የመጣነው መርዶ

ወሬውን የሰማሁት ዊተን ከተማ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ዕረፍት ላይ ሳለሁ ነው። የወንጌላዊ ጋሽ ተፈራ ባለቤት እትዬ ዘነበች ኮል አደረጉልኝና፣ ከቨርጂኒያ ተራሮች ማዶ የዶሮ ፋብሪካ ባለባት ትንሽ ከተማ ብዙ ወገኖቻችን እንደሚሠሩ፣ በቋንቋቸው ወንጌል የነገራቸው ግን እንደሌለ አጫወቱኝ። ቅዳሜ እንሄዳለንና ከሥራ ኦፍ ጠይቂ አሉኝ። ጠየቅሁ፤ ተፈቀደልኝ።

ቅዳሜ ማለዳ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንነሳ ጭጋግ ነበር። ጋሽ ተፈራ ይነዳሉ፤ እትዬ ዘነበች ከኮምፒውተር የታተመውን ካርታ ይዘዋል፤ እኔ ከኋላ ከምናድላቸው የወንጌል ትራክቶች ካርቶንና ከስንቃችን ጋር ተቀምጫለሁ። ፌርፋክስን አልፈን መንገዱ ሲለቀቅ እንኳ ጋሽ ተፈራ ፍጥነት አልጨመሩም።

"ተፈራ፣ በዚህ አነዳድህ ጌታ ቀድሞን ይመጣል" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ይምጣ፤ መንገድ ላይ ያገኘናል።"

ተራራውን ስንወርድ ሸለቆው ተከፈተ፤ የላም መስክ፣ ቀይ ጎተራ፣ ነጭ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን። ቤንዚን ማደያ ቆመን አንድ አንድ ዶላር ቡና ጠጣን። ከዚያ በኋላ በአስፋልቱ ዳር ነጭ ላባ ማየት ጀመርን፤ ዶሮ ከሚጭኑት መኪኖች የረገፈ ነው። ላባውን ተከትለን ከተማው ገባን።

የሀበሻ ቤት የምናገኘው በር ላይ በተደረደረ ጫማ ነው። አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ጫማው ደረጃውን ሞልቶ ወርዷል። እትዬ ዘነበች ጌታ ሕዝብ ሰብስቦ ጠበቀን ብለው አመሰገኑ።

ስንገባ ልቅሶ ነበር። ወንዶቹ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ከማርያም ሥዕል ሥር የአንድ ጎልማሳ ፎቶ ቆሟል። ማንም ማን ናችሁ አላለንም፤ ቦታ ለቀቁልን፣ ምግብ አቀረቡልን። ሟቹ ደረጀ የሚባል የፋብሪካው ሠራተኛ እንደሆነ ከሚወራው ተረዳን። ትራክቶቹ ከመኪናው አልወጡም።

ከቤቱ ሰዎች በዕድሜ ጠና ያሉት፣ ጋሽ ከበደ የሚሏቸው፣ የደረጀ ወዳጆች እንደሆንን ጠየቁን። ጋሽ ተፈራ እኛን አዩና "ወገኖቹ ነን" አሉ። ጸሎት እንዲያደርጉ ተለመኑ፤ ሁላችንም የምናውቀውን አባታችን ሆይ አብረን አደረስን።

ልንወጣ ስንል ጋሽ ከበደ በር ላይ ያዙን። "እህት አለችው፣ አልማዝ የምትባል፣ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖር። አልሰማችም። ይኼ በስልክ አይነገርም። አደራ፣ አርዱልን" አሉና አድራሻዋን ሰጡን። እንዴት እንደሞተ አልጠየቅንም። ወገኖቹ ነን ካልን በኋላ መጠየቁ አሳፈረን።

በመጣንበት መንገድ ማታውኑ ተመለስን።

እሑድ ንጋት፣ አሌክሳንድሪያ

ሆቴል ሥራዋ ሳትሄድ ለመድረስ በጨለማ ተነሳን፤ ሁለት ጎረቤቶቿንም ቀሰቀስን። አልማዝ ዩኒፎርሟን ለብሳ በሩን ከፈተች። በዚያ ሰዓት ተሰብስበን ቆመን ስታየን ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

"ማን ነው?" አለች።

"ደረጀ ነው፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ተፈራ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

ጩኸቷን አልጽፈውም። ሲበርድላት ግን የጋሽ ተፈራን እጅ ይዛ "ሲሞት አጠገቡ ማን ነበር?" አለች። እኛ ግን ይህን ጠይቀን አልመጣንም።

ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ካርቶኑ እንደታሸገ ነበር። ወንጌል ይዘን የምንወጣ ሰዎች መናገር ለምደናል። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ግን መጠየቅም አገልግሎት መሆኑን ነው።

በኋላ ጋሽ ከበደ ጋር ደውለን እንደተረዳነው፣ ደረጀ በሞተበት ቀን የቤቱ ሰዎች ሁሉ ሥራ ላይ ነበሩ። ደረጀን በመኪናው ሆስፒታል ያደረሰው በቅርብ የመጣ ሠራተኛ ነው፤ ከቀብሩ በፊት ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ስቴት ሄዷል፤ ስልክ ቁጥሩን የያዘ የለም።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ወይም የሚያውቅህ ሰው ካነበበው፣ እባክህ ለጋሽ ከበደ ደውል፤ ከአልማዝ ጋር ያገናኙሃል። ደረጀ የተናገረው ነገር ካለ ንገራት። ምንም ሳይናገር ሄዶ ከሆነም፣ አንተ አጠገቡ እንደነበርክ ንገራት።