ትንፋሽ ይዞ መዋጥ

መጀመሪያ ያየሁት ሻዩን ነው። ከአባቴ አፍ በቀኝ በኩል እየወረደ ሸሚዛቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ እሳቸው ግን አልታወቃቸውም። «አባዬ፣ ፈሰሰብዎት» አልኳቸው። ሊመልሱልኝ ሞከሩ። ቃሉ አልወጣም። ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ።

አምቡላንስ ጠራሁ። ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሡ። ስትሮክ ነበር።

አባቴ የባሕር ኃይል እግረኛ ተዋጊ ነበሩ፤ ጓደኞቻቸው ዛሬም «ማሪኑ» ይሏቸዋል። በጦርነቱ ጊዜ ምጽዋ አጠገብ ጀልባቸው ተመታ። ነዳጁ ውሃው ላይ ሲነድ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው በእሳቱ ሥር ዋኝተው አመለጡ። ይህን የነገሩኝ አብረዋቸው የነበሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው እንጂ አባቴ ስለ ጦርነቱ አያወሩም። በየመን በኩል ቶሮንቶ ከገባን ወዲህ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ሁለታችን ብቻ እንኖራለን።

ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ደከመ። የከፋው ግን ጉሮሯቸው ነበር። ዲስፋጂያ ይባላል፤ የሚዋጠው ነገር መንገዱን ስቶ ወደ ሳንባ ይገባል። በአፍንጫቸው የምግብ ቱቦ ተደረገላቸው። ከአልጋው በላይ «በአፍ ምንም አይሰጥ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ።

የእኛ ሰው ግን ሕመምተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን አይሄድም። ጋሽ ታደሰ ዳንፎርዝ መንገድ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ፍትፍት አስቋጥረው መጡ። ጽሑፉን አንብበውታል፤ ስለ ሆስፒታሉ ምግብ መስሏቸው ነው። እኔ ለአፍታ ኮሪደር ወጥቼ ነበር። «ማሪን በቱቦ አይኖርም» ብለው አጎረሷቸው። አባቴ ደግሞ የወዳጅ ጉርሻ አይመልሱም።

ስመለስ ፊታቸው ጠቁሯል። መሳል አቃታቸው። ነርሷ ሮጣ መጣች። ጉሮሯቸው ውስጥ የቀረውን በማሽን ሳቡላቸው። በማግስቱ ትኩሳት። ኒሞኒያ፣ የሳንባ ምች።

ጋሽ ታደሰ ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ይደውላሉ፤ «እንዴት አደረ?» ይላሉ፤ መልሴን ሰምተው ይዘጋሉ።

አንቲባዮቲኩ ሠራ፤ ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ዶክተሩ ግን፣ «መዋጥ ካልቻሉ ቱቦውን በቀዶ ሕክምና ሆዳቸው ላይ እናደርገዋለን። ምናልባት ለዘለቄታው» አለኝ። ተረጎምኩላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ንግግርና መዋጥ የምታለማምደው ስፒች ቴራፒስት መጣች። «ትንፋሽዎን ይያዙ። ይዋጡ። ወዲያው ይሳሉ። ከዚያ ይተንፍሱ» አለች። ትንፋሽ ሲያዝ የአየር ቧንቧው እንደሚዘጋ አስረዳችን። እኔ ስተረጉም የአባቴ ዓይን ወደ እኛ ተመለሰ።

«ይሄማ... መጥለቅ ነው» አሉ በተሳሰረ ምላስ።

ለሰው መናገር የማፍር ነኝ። የዚያን ቀን ግን ስለ ጀልባው፣ ስለ እሳቱና በእሳቱ ሥር ስለ መዋኘታቸው ለማላውቃት ሴት አንድ በአንድ ነገርኳት። «እንግዲያው ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁበታል» አለች።

ከዚያ በኋላ በምራቃቸው ጀመሩ፤ ቴራፒስቷ ስትፈቅድ በማንኪያ ጫፍ በተሰጣቸው የበረዶ ፍንካች፣ ቀጥሎም በወፈረ ጭማቂና በተፈጨ ድንች፣ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው፣ ልክ ወደ ባሕር ሊወረወሩ እንደተዘጋጁ ሁሉ ደረታቸውን በአየር እየሞሉ ተለማመዱ። በመጨረሻ ባሪየም የሚባል በኤክስሬይ የሚታይ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ እየዋጡ በኤክስሬይ ታዩ፤ ጥቁሩ ጥላ ስክሪኑ ላይ ቁልቁል ወርዶ በትክክለኛው መንገድ ሲያልፍ እኔም ትንፋሼን ይዤ ነበር።

«ወደ ሳንባ የገባ ምንም የለም፤ ቱቦውን እናወጣለን» አለ ዶክተሩ።

ይህን የምጽፈው ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ላላችሁ ነው። የሚጠይቃችሁን ሰው በር ላይ ተቀበሉት፤ ጽሑፉን በራሳችሁ ቋንቋ ንገሩት። ቴራፒስት ሳይፈቅድ ውሃም ቢሆን አትስጡ። ሕመምተኛችሁ ቀድሞ ምን ይችል እንደነበር ለሐኪሞቹ ንገሩ፤ ማፈር ይቆያል። ለነርሷ፣ ለዶክተሩ፣ ከሁሉም በላይ ለቴራፒስቷ ምስጋናዬ አያልቅም።

አባቴ በከዘራ እየተራመዱ ቤት የገቡ ሰሞን፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት ተፈቀደላቸው። «ታደሰን ጥሪው» አሉኝ። ጋሽ ታደሰ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ባዶ እጅህን?» አሏቸው አባቴ።

«ምን ላምጣልህ? እጄን ፈራሁት።»

አባቴ ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፉት። ጋሽ ታደሰ እኔን አዩኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ትንሽ ጠቅልለው አጎረሷቸው። አባቴ አገጫቸውን ዝቅ አደረጉ። ትንፋሻቸውን ያዙ። ዋጡ። ሳሉ። ተነፈሱ።

ጋሽ ታደሰ እንባቸውን በክንዳቸው ሲጠርጉ አባቴ እንደገና አፋቸውን ከፈቱ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ። «ድገመኝ።»