ሙሴን ያልሸኘንበት ቅዳሜ

የብርቱካን ልጣጭ ማሞቂያ ላይ ሲደርቅ እንዴት እንደሚሸት ታውቃለህ? መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቆየት ሲል መረር ይላል። እናቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማዋ ብርድ በገባ ቁጥር ታደርቀዋለች። ልማዱን ከየት እንዳመጣችው ብትጠይቃት ዛሬ አትነግርህም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ከሙሴ ቤት ነው።

ሙሴ ከእኛ ከተማ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ እናቴ የምታስታምማቸው ፈረንሳዊ ሽማግሌ ነበሩ። ገና መንጃ ፈቃድ ማውጣቴ ስለነበር፣ ቤልትዌይ የሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ መንዳት የምትፈራውን እናቴን ቅዳሜ ቅዳሜ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። «ሙሴ» ስትላቸው፣ እኔ የቸርች ልጅ፣ ስማቸው እንደዚያ ባሕር እንደከፈለው ነቢይ መስሎኝ ብዙ ቅዳሜ አለፈ። ለካ ድሮ አዲስ አበባ ፈረንጁን ሁሉ «ሙሴ» ይሉት ኖሯል፤ ቃሉም ከፈረንሳዮቹ የመጣ፣ «አቶ» እንደማለት ነው። እሳቸውም እንዲያ ሲጠሩ ፊታቸው ይበራ ነበር።

በጉብዝናቸው ዘመን የፊልም ዳይሬክተር ነበሩ። እናቴ ገላቸውን አጥባ ብርቱካናቸውን ልጣ፣ እንደሚወዱት ልጣጩን ማሞቂያው ላይ አስጥታ ስታበቃ፣ መጋረጃውን ጋርደን የድሮ ፊልሞቻቸውን ያሳዩን ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ ነው የወሰደኝ። ሙዚቃ የለ፣ ታዋቂ ተዋናይ የለ። የሚያሠሩት የሰፈራቸውን ዳቦ ጋጋሪና ፖስተኛ ነበር። ካሜራው አንድ ቦታ ይተከላል፤ ሰው ሲሄድ አይከተለውም። ሰውየው በር ከፍቶ ይወጣል፣ መንገዱን ይዞ ይርቃል፣ ይጠፋል፤ ካሜራው ግን ባዶውን መንገድ እያየ እዚያው ይቆያል። ኮቴ ብቻ እየራቀ ይሰማል። በአገራቸው «ካሜራ ማጥፋት የሚረሳው ሰውዬ» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ነግረውናል።

አንድ ቀን እኔም ታከተኝና «እማዬ፣ ፊልሙ ስታክ አደረገ እንዴ?» አልኳት።

እናቴ ዓይኗን ከፊልሙ ሳትነቅል «እየሸኙ ነዋ» አለችኝ። «እንግዳ ከዓይን ሳይጠፋ በር ይዘጋል እንዴ?»

ሽማግሌው ምን እንዳለች ጠየቁኝ። መሸኘትን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ብዙ ለፋሁ፤ እስከ በር፣ ከበርም አልፎ፣ ሰውየው እስኪሰወር ድረስ እያልኩ። ይህን ሲሰሙ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ስለ ልጅነታቸው አወሩን። ያደጉት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነበር። እናታቸው ለሥራ ሩቅ ከተማ ስትሄድ፣ ባቡሩ ገና ሳይጠፋ አክስታቸው እጃቸውን ጎትታ ወደ ቤት አስገባቻቸው። እናታቸው በዚያው ቀረች። ፊልም መሥራት የጀመሩት ያንን ባቡር እስከ መጨረሻው ለማየት እንደሆነ ሲነግሩን፣ እናቴ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

በጸደይ ልጃቸው ወደ ፈረንሳይ ልትወስዳቸው ወሰነች። እናቴ ሳልሸኛቸውማ አይሄዱም አለች። በዚያ ሳምንት ግሪንቤልት የሚባል ከተማ ሌላ የአዳር ሥራ ደርሷት ስለነበር «ቅዳሜ ከዚያ ፒክ አድርጊኝ፤ በአራት ሰዓት ይነሳሉ» አለችኝ። ያን ያህል ዓመት አሜሪካ ኖራ የእናቴ ሰዓት የሀበሻ ነው፤ አራት ሰዓት ማለቷ ረፋዱን ነበር። እኔ የአሜሪካኑን፣ የከሰዓት በኋላውን ያዝኩ። ልጠይቃት እችል ነበር። ግን በዚያ ዕድሜ ከእንቅልፍ የሚበልጥ ዘመድ የለም፤ የሚመቸኝን ሰማሁ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስነቃ ስልኬ በእሷ ጥሪ ተሞልቷል። ከግሪንቤልት አንስቻት ስንበር መንገዱን ሙሉ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስንደርስ በሩ ተዘግቷል፣ ደጃፉ ላይ የብርቱካን ልጣጭ የሚሸት የቆሻሻ ከረጢት ተቀምጧል። ጎረቤታቸው ከሄዱ ግማሽ ሰዓት እንደሆናቸው ነገረችን። ሽማግሌው መኪና ውስጥ ሆነው ወደ ኋላ ዞር ዞር እያሉ መንገዱን ያዩ ነበር አለች።

እናቴ መኪናቸው ወደ ሄደበት ዞራ መንገዱ ዳር ቆመች።

«እማዬ፣ ሄደዋል እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ዝም ብለሽ ቁሚ።»

ቆምኩ። ከወንዙ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣ ነበር፤ የሆነ ቤት ሣር ያጭዳሉ። ምን ያህል እንደቆምን አላስታውስም። ሙሴ ዓመት ሳይሞላቸው አገራቸው አረፉ።

አሁን እናቴ ብዙ ነገር ይጠፋባታል፤ አንዳንዴ የእኔም ስም። እሁድ እሁድ ጠይቄያት ስወጣ ግን መስኮቷ ላይ ቆማ፣ መኪናዬ የትራፊክ መብራቱን አልፎ እስኪታጠፍ ድረስ ትሸኘኛለች። ባለፈው እሁድ ከታጠፍኩ በኋላ ቦርሳዬን መርሳቴ ትዝ አለኝና በጓሮ በኩል ተመልሼ በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። ቤቱ ብርቱካን ብርቱካን ይላል። እናቴ አሁንም ባዶውን መንገድ እያየች ቆማለች። ስጠራት ፊቷን ሳትመልስ በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

«ቆዪ፣ ልጄን እየሸኘሁ ነው» አለችኝ።

አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።