ጋቢውን ትቼ የሄድኩበት የቁልቢ መንገድ

ስለቱን የተሳለችው ሚስቴ አስካለ ናት፤ መንገዱን የሚሄዱት ግን የእኔ እግሮች ናቸው። እስር ቤት ሳለሁ፣ «ባሌን በሕይወት ካወጣህልኝ ከላፍቶ ቁልቢ ድረስ በእግሩ ይመጣልሃል» ብላ ለገብርኤል ተስላለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። የተፈታሁ ዕለት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰችና እንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ ይህንኑ አበሰረችኝ። ብስራተ ገብርኤል ከቤታችን ቅርብ እንደሆነ ባስታውሳት፣ «የተሳልኩት ለቁልቢው ነው» ብላ ዘጋችኝ። እሺ አልኩ። እኔ ደግሞ አንዴ እሺ ካልኩ ወደኋላ አላውቅም።

የቀበሌው ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀቴን ሲፈርም ቀና ብሎ አየኝ።

«ጓድ ጌታቸው፣ በመኪና ዘመን ሰው በእግሩ ሐረርጌ ይሄዳል?»

«ለጤና ብዬ ነው።»

ከሲታ እግሮቼን ዓይቶ ማኅተሙን መታልኝ።

ጓዝ ማሰር

ዕቃ መቀነስ የተማርኩት እስር ቤት ነው። እዚያ የነበረኝ ቦታ ለጀርባዬ ብቻ የሚበቃ ነበር። ያለኝን ሁሉ በአንዲት ጨርቅ ቋጥሬ እንተራሰው ነበር። ጠባቂው ስም ጠርቶ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ!» ካለ ሰውዬው ይወጣል። አንዳንዱ ቤቱ ገባ፤ አንዳንዱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ አንድ ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ባይኖር እሞታለሁ ወይ?» ብዬ ነው።

አስካለ ከአሮጌ ሸራ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ሰፋችልኝ። በሶ፣ ጨው፣ የቆርቆሮ ኩባያ፣ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ቁራጭ ሳሙናና መርፌ ከነክሩ ከተትኩ። ለእግሬ ከመኪና ጎማ የተሠራ በርባሶ ገዛሁ። እሷ ጋቢ ጨመረች፤ እኔ አወጣሁ። ዞር ስል መልሳ ጨመረች፤ መልሼ አወጣሁ።

«ብርድ ይገድልሃል!»

«ብርድ የሚገድለኝ ቢሆን እዚያው ሲሚንቶው ላይ በገደለኝ ነበር። ይህን ጋቢ የሚሸከም አህያ ነው።»

«እንግዲህ ስትንቀጠቀጥ ስሜን እንዳትጠራ» አለችና አልጋው ላይ ወረወረችው።

በጓዜ ቅለት ኮርቼ ሳልጨርስ ቁልቢ እንደምሄድ ሰፈሩ ሰማ። በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ቁልቢ ከሄደ የቀረው ሁሉ ስለቱን በእሱ ይልካል። የተላከው ለመልአኩ እንጂ ለእኔ አይደለምና እምቢ ማለት ነውር ነው። «ከአንድ ቤት አንድ ጧፍ ብቻ!» ብዬ ብደነግግ የቤተ መቅደስ መጋረጃ ተሸክማ የመጣች ጎረቤት አኩርፋ ተመለሰች። ባለሱቁ ሸምሱ ግን ትልቅ ጥላ ይዞ በሬ ላይ ቆመ።

«አንተ ደግሞ እስላም አይደለህ እንዴ?» አልኩት።

«ልጄ የታመመ ጊዜ በጭንቄ የጠራሁትን ስም ልካደው? ደግሞ ጥላ ምን ይከብድሃል፣ ትመረኮዘዋለህ።»

ጥላው አሸነፈኝ።

በመጨረሻ እማማ ጥሩነሽ መጡ። ልጃቸው ታደሰ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የታሰረው። አንድ ቀን ጠዋት «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። እማማ ጥሩነሽ ይፈታል ብለው እየጠበቁ ነው። ስለዚያች ጠዋት ይጠይቁኛል ብዬ ስንት ጊዜ ፈራሁ። አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልተነፈስኩም።

«ጌታቸው ልጄ፣ ይቺን ደጁን አስነክተህ መልስልኝ። ሲፈታ ይለብሳታል» አሉኝ።

በእጃቸው የሠሩት ብርቱካናማ ሹራብ ነው። ክሩ አልቆባቸው አንዱ እጅጌ ሰማያዊ ሆኗል። ታደሰ ሳይታሰር በፊት ያለ እሱ ከቤት አይወጣም ነበር፤ ከሜዳው ማዶ ሲመጣ ፊቱ ሳይለይ በዚያ እጅጌ እናውቀው ነበር። ደንቤን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ዓይናቸውን ሳይ ዘጋሁት። ለጋቢው እምቢ ያልኩትን ቦታ ሹራቡ ያዘው።

እስከ አዋሽ

በኅዳር መጨረሻ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። በሀና ማርያም በኩል የጤፍ ማሳዎቹን አቋርጬ ቃሊቲ ስደርስ ፀሐይዋ ወጥታ ነበር። አቃቂ ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች ጥላዬን እያዩ ሳቁብኝ፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። ዱከም አደርኩ፤ ደብረ ዘይት ላይ ተረከዜ ውኃ ቋጠረ። ሞጆ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት የሞቀ ውኃና ጨው ሰጥታኝ እግሬን ዘፈዘፍኩ። በስሙኒ ዳቦ በሻይ በላሁ። ናዝሬት ላይ ቅያሪ ሸሚዜን ለአንድ የኔ ቢጤ ሰጠሁት። በጣም ቀለለኝ፤ ራሴንም እንደ ጎበዝ ቆጠርኩት።

ከወለንጪቲ እስከ መተሐራ ያለው ሜዳ ግን ጉራዬን አቀለጠው። አስፋልቱ በርባሶውን አልፎ ያቃጥላል። የሸምሱን ጥላ፣ የስለት ነው ብዬ ያልዘረጋሁትን፣ እዚያ ዘረጋሁት። መልአኩም ሸምሱም ይቅር ይሉኛል ብዬ ነው።

አዋሽ ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ገለበጠው።

«ሌላው ዕቃህ የታለ?»

«ይኸው ነው።»

«ከአዲስ አበባ በዚህ? በሶና ጧፍ ይዘህ?» ሹራቡን አንስቶ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። «ይህስ የማነው? ላንተ ይጠብሃል።»

«የጎረቤት ልጅ ነው።»

«እሱስ የት ሄዶ ነው አንተ የምትሸከምለት?»

ሹራቡን ከጣቱ ላይ ወሰድኩ። ፈታሹ እንደሁ እየቀለደ ነበር፤ ቦርሳውን ወረወረልኝና ወደሚቀጥለው መንገደኛ ዞረ።

ዳገቱ

ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ አገሩ ከፍ፣ አየሩ ቀዝቀዝ እያለ ሄደ። በየዳገቱ ጫትና ማሽላ ይታያል። ሂርናን ካለፍኩ በኋላ ነው ብርዱ የያዘኝ። ሲመሽ ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ፤ ከመንገድ ዳር ተቀመጥኩ። አዎ፣ የአስካለን ስም ጠራሁ። ጋቢውንም ጠራሁት።

አህያ እየነዱ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ አይተው ቤታቸው ወሰዱኝ። አባ ኢብራሂም ይባላሉ። ከቡና ገለባ የተፈላ ሆጃ በወተት አጠጡኝ። አማርኛቸው ቆረጥ ቆረጥ ያለ ነው። ሹራቡን እንደ ሕፃን ታቅፌው አዩኝ።

«ለምን አትለብስም?»

«የሰው ነው።»

«ባለቤቱስ?»

«ጠርተው ወሰዱት።» ለማንም ተናግሬው የማላውቀውንም ተናገርኩ። «የሚመለስ አይመስለኝም።»

«እናት አለችው?»

«አለች።»

«ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም።»

አባ ኢብራሂም እሳቱን ቆሰቆሱ። «አንተ ብርድ ከገደለህ ማን ይነግራታል? ልበስ።»

ለበስኩት። ትከሻው ጠበበኝ፤ ደረቴ ግን ሞቀ። ስመለስ እነግራቸዋለሁ ብዬ የቆረጥኩት ያኔ ነው። የቀረውን ዳገት የወጣሁት ከስለቱ ይልቅ በዚህ ነበር።

ቁልቢ

በዓሉ የሚከበርበት ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ሳይደርስ ገባሁ። ኮረብታው ሰው በሰው ነው። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አለ፤ በጉልበቱ የሚድህ አለ። ጧፎቹን በየባለቤቶቹ ስም አስረከብኩ፤ የሸምሱንም ጥላ ሰጠሁ። ሹራቡን አውልቄ ደጁን አስነካሁ። ምን ብዬ እንደምለምን ግን ጠፋኝ። «ለእናቱ የምናገርበት አፍ ስጠኝ» ብቻ አልኩ። ንፋሱ አላስቆም ሲለኝ መልሼ ለበስኩት።

መልስ

የመሄጃው ስለት አልቋልና የተመለስኩት በአውቶቡስ ነው። በሳምንታት የሄድኩት አገር በመስኮት ሲሮጥ አየሁት። በልቤ ስለ ጓዝ የተማርኩትን አሰብኩ፤ ሌላ ጊዜ ሸሚዙ ይቀራል፣ ጋቢው ይመጣል። አስካለ ልክ ነበረች፤ ይህን ግን ለሷ አልነግራትም። ለእማማ ጥሩነሽ የምለውንም ደጋግሜ አጠናሁት።

ቃሊቲ ወርጄ በሜዳው በኩል ወደ ላፍቶ አዘገምኩ። አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ገበሬዎች ጤፍ ይወቃሉ። የእማማ ጥሩነሽ ቤት ከሜዳው ጫፍ ነው። ልብስ ሲያሰጡ ከሩቅ አየኋቸው። እሳቸውም ቀና ብለው አዩኝ። የያዙት አንሶላ ከእጃቸው ወደቀ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ሲንሸራተት እንኳ ሳያነሱት በባዶ እግራቸው ወደ እኔ መሮጥ ጀመሩ።

እንዲህ የሚሮጡልኝ ለምንድን ነው ብዬ ገረመኝ። ከዚያ ክንዴ ላይ ያለውን ሰማያዊ እጅጌ አየሁ።

ማውለቅ ነበረብኝ፤ አውቶቡሱ ላይ ሳለሁ ማሰብ ነበረብኝ። አሁን ረፍዷል። አጠገቤ ሲደርሱ ፊቴን አዩና ቆሙ። እዚያው ገለባው ላይ ቁጭ አሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። እሳቸው ቀድመው ጠየቁኝ።

«ዕቃህን ይዘህ ውጣ ያሉት ቀን ምን ይዞ ወጣ?»

«ምንም አልያዘም፣ እማማ። ሳሙናውን ለአንዱ፣ ማንኪያውን ለሌላው ሰጠ። ብርድ ልብሱን ለእኔ ሰጠኝ። ሁላችንንም ስሞ ባዶ እጁን ወጣ።»

«እንደማይመለስ ዐውቆ ነዋ።»

«ዐውቆ ነው።»

መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ብርድ ልብሱን ለበስከው?»

«እስክፈታ ድረስ።»

«ሞቀህ?»

«ሞቀኝ፣ እማማ።»

ሹራቡን ላወልቅ እጄን ሳነሳ ያዙኝ። ሰማያዊውን እጅጌ እስከ አንጓዬ ጎተት አድርገው አስተካከሉልኝ።

«እንግዲያው ይህንንም አታውልቅ።»

በማግስቱ ጠዋት በእማማ ጥሩነሽ ደጅ የዕድሩ ድንኳን ተተከለ። እኔም ሹራቡን እንደለበስኩ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጥኩ።