በአባባ ክንድ ውስጥ ያለችው አይጥ

ልጅ ሳለሁ አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ በቆርቆሮ ቤት እንኖር ነበር። አባቴ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ መኮንን ደግሞ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ፋኖሱ ሲለኮስ እየመጡ፣ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ የሚነግሩን ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሳይሆን ስለ ቃላት ነበር፤ አንድ ቃል ከየት ተነስቶ በማን አገር አልፎ እንደመጣ፣ ልክ እንደ መንገደኛ ታሪክ ያወጉናል።

አንድ ክረምት ላይ ሐዲድ ሲያነሱ ብረቱ አምልጦ የአባባን ቀኝ ክንድ ሰበረው። ጀሶው ሲፈታ ክንዱ መንምኖ የሌላ ሰው መሰለ። በሳምንቱ አለቃው ፊት መዶሻ አንስቶ ካላሳየ ወደ ሐዲዱ እንደማይመለስ ሁላችንም ሰምተናል፤ ቤት ውስጥ ግን ስለ ክንዱ ትንፍሽ የሚል አልነበረም።

ጀሶው በተፈታ ማግስት ጋሼ መኮንን፣ ምናልባት ዝምታው ከብዷቸው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን አጠፉ።

«እንግሊዞች ጡንቻን ማስል ይሉታል። ቃሉ የጥንት ሮማውያን ነው፤ በእነሱ ቋንቋ ትንሽ አይጥ ማለት ነው። ክንድ ሲታጠፍ ከቆዳው ሥር አይጥ የምትሮጥ መስሏቸው ነዋ!»

ተሳሳቅን። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት የራሱን ክንድ እያጠፈ እየዘረጋ አይጧን ሲፈልግ ቆየና ወደ አባባ ዞረ።

«አባባ፣ ያንተዋ ሞተች እንዴ?»

«አንተ ልጅ!» አለች እናቴ። ጋሼ መኮንን ፍሙ ላይ አቀረቀሩ።

አባባ ግን ዳዊትን ሳብ አድርጎ እጁን ክንዱ ላይ አሳረፈለት። «አልሞተችም፤ ተኝታ ነው። እስቲ ንካት» አለና ክንዱን ቀስ ብሎ አጠፈ። ፊቱ በሕመም ተኮማተረ። ዳዊት ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ።

«ተንቀሳቀሰች!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ አባባ በየቀኑ ውሃ የሞላ ባልዲ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ሰነበተ። ቀኑ ሲደርስ ግን መዶሻው ከትከሻው በላይ አልወጣለትም። ባቡር ሲመጣ መኪና የሚያስቆም የመሻገሪያ ዘበኛ አደረጉት፤ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ሠራ። ቅር ብሎት እንደሆነ አንድም ቀን አልነገረንም።

ጋሼ መኮንን ስለ ቃሉ የነገሩን እውነት መሆኑን ካደግኩ በኋላ አንብቤ አረጋግጫለሁ። እኔ ዘንድ የቀረው ግን የአባቴ ፊት ነው። ክንዱን ሲያጥፍ ዓይኑ ክንዱ ላይ አልነበረም፤ ዳዊትን ነበር የሚያየው። ልጁ ምን እንደሚል እሱም ፈርቶ እየጠበቀ ነበር።